ደረጃ የሌላት ቆጥ

ይህን የምጽፈው እንዲደነቅልኝ አይደለም። ለማን እንደምናገረው ስላጣሁ ነው።

የደረሰው በእኔ ነው... በገዛ ቤቴ... በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ልብ በሉ፣ ሌሊት አልነበረም። ከእንቅልፌም የባነንኩ አይደለሁም። ቀን በብርሃን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው "አሮጊት ናት፣ አሸልቧት ሕልም አይታ ነው" የሚለኝ ስለማይጠፋ ነው። ልጄም ያለችው ይህንኑ ነው።

ዊኒፍሬድ እባላለሁ። የምኖረው ብሪስቶል፣ ዳገቱ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ቀጫጭን ረጃጅም ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙበት፣ ሰዉ በአጭሩ "ረድፉ" የሚለው ቦታ አለ። ስምንተኛው ቤት የእኔ ነው። ቤቶቹ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። በአንዱ ቤት ሰው ቢያስነጥስ ጎረቤቱ በግድግዳው በኩል "ይማርህ" ይላል።

የሠራቸው ሰው መንታ መንታ አድርጎ ነው የሠራቸው። የአንዱ ቤት ቀኝ የሌላው ግራ ነው። የአንደኛው የጭስ ማውጫ ከሁለተኛው ጋር ጀርባ ይገጥማል፤ የሁለተኛው ደረጃ ከሦስተኛው ደረጃ ጋር። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። ስለዚህ በክረምት ግድግዳዎቹን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ብትሄዱ፣ አንዱ በምድጃው ሙቀት ይሞቃል፣ ቀጥሎ ያለው ይቀዘቅዛል። ሙቅ... ቀዝቃዛ... ሙቅ... ቀዝቃዛ። ይህ ተዛንፎ አያውቅም።

ሌላም ነገር አለ። በጣሪያ ሥር፣ እኔ ቆጥ በምላት ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ጎረቤታሞችን በሚለየው ግድግዳ ላይ ከደረት የማትበልጥ ትንሽ በር አለች። በሁሉም ቤት አለች። ለእሳት ነው። እሳት መጀመሪያ የሚይዘው ደረጃውን ነው፤ ያን ጊዜ ሰው ወደ ላይ ሮጦ፣ በትንሿ በር ወደ ጎረቤት ቆጥ ገብቶ፣ በጎረቤት ደረጃ ወርዶ ነፍሱን ያድናል።

በረድፉ ሕግ እነዚህ በሮች አይቆለፉም። በሩ ሦስት ጊዜ ከተንኳኳ ይከፈታል፤ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የድሮዎቹ "እሳት ሲመጣ ስም አይጠየቅም" ይሉ ነበር። ጎረቤቱ አንኳክቶበት ያልከፈተ ሰው በረድፉ ውስጥ ቀና ብሎ አይሄድም።

እንግዲህ ኃጢአቴን ልናገር። ባሌ ኧርነስት በሞተ በዓመቱ፣ በእኔና በሰባተኛው ቤት መካከል ባለችው በር ላይ፣ በእኔ በኩል፣ መቀርቀሪያ አስገጠምኩ። ብቻዋን የምታድር ሴት ነኝ፤ ምን ላድርግ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም አልነገርኩም።

በዓመት አንድ ቀን ግን እከፍተዋለሁ። በዚያ እሑድ የረድፉ ሰዎች በሮቹ መከፈት አለመከፈታቸውን ለማየት ከአንደኛው ቆጥ እስከ አሥራ ሁለተኛው በጣሪያ ሥር ይሄዳሉ። መጨረሻው ላይ ሻይ አለ። እኔ መቀርቀሪያውን እስብና እንዳይታይ የአንገት ልብስ እሰቅልበታለሁ። ጉልበቴን አመካኝቼም ከቤቴ አልወጣም።

ባለፈው ዓመት ግን ታምሲን አለችና...

ታምሲን የልጄ የሮዛሊንድ ልጅ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ሆስፒታል ነርስ ስለሆነች እሑድ እሑድ እኔ ጋ ትተዋታለች። ወይን ስሰጣት እንዳያንቃት አንዷን ፍሬ አራት ቦታ እቆርጣታለሁ። ሮዛሊንድ "እማዬ፣ እንደ እንቁላል ይዘሽ መራመድ ልታስረሻት ነው" ትለኛለች። ትበለኝ። ከዚያች ልጅ ሌላ በዚህ ዓለም የምፈራለት ነገር የለኝም።

"አያቴ፣ እኔም በቆጡ ልሂድ።"

"አቧራ አለ። ሳልሽ ይነሳል።"

"አፌን እይዛለሁ።"

"ጣውላው የላላ ነው።"

"በእግር ጣቶቼ እሄዳለሁ።"

ከትበርት የሚባለው የአሥራ ሁለተኛው ቤት ባለቤት፣ የበሮቹን ዝርዝር የሚይዘው እሱ ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀብኝ። "ዊኒ፣ ልጅቷ ጦር ሜዳ ልትዘምት አይደለም። ሻይ ልትጠጣ ነው።"

"አንተ ልጅ አሳድገህ አታውቅም።"

"ድመት አሳድጌአለሁ። ድመቷም ቆጥ ወጥታ ትወርዳለች።"

አብሬያት ሄድኩ። እጇን አጥብቄ ይዤ። በዚያ መንገድ እጇን የለቀቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከአንደኛው ቤት ጀመርን። ከትበርት ባትሪውን ይዞ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ታምሲን የግድግዳውን ነገር ወዲያው ገባት። በእያንዳንዷ በር ስናልፍ መዳፏን እየለጠፈች ትናገራለች።

"ሙቅ... ቀዝቃዛ... ሙቅ..."

ሰባተኛው ቆጥ ስንደርስ ከትበርት ቀድሞን ወደ እኔ ቆጥ አልፎ ነበር። በግድግዳው ወዲያ ሲያስል ይሰማል።

የሰባተኛው ቤት ባለቤት ቨርሊን ናት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትጠብቀናለች። የእናቷን የጃማይካ ዝንጅብል ኬክ ጋግራ ሽታው እስከ ጣሪያው ደርሷል።

"እኔ አልገባም፣ ኬኩን ይዤ በመንገድ እመጣለሁ" አለችኝ። "አንቺ ግን እህቴ፣ በዚህ ጉልበትሽ ከገባሽ የምትወጪው በአዋላጅ ነው።"

ሳቅን። ታምሲን ግድግዳውን ነካች።

"ሙቅ።"

ልክ ናት። ሰባትና ስምንት የሚጋሩት የጭስ ማውጫውን ነው። ጎንበስ ብለን ገባን።

የገባነው ግን የእኔ ቆጥ ውስጥ አልነበረም።

የኧርነስት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች የሉም። የእናቴ ሳጥን የለም። የገና ጌጦች ያሉበት ካርቶን የለም።

ባዶ ክፍል ነው። ወለሉ ተጠርጓል... አንዲት አቧራ የለበትም። ትናንት የተለሰነ ይመስል እርጥብ ልስን ይሸታል።

"አያቴ፣ ዕቃችን ጠፋ" አለች ታምሲን።

"ዝም በይ የኔ ቆንጆ። ተሳስተን ነው።"

ወዴት ይሳሳታል ሰው? መንገዱ አንድ ነው።

ከዚያ ያየሁትን አየሁ። ይልቁንም ያጣሁትን ልበል።

ደረጃ የለም።

በረድፉ ውስጥ ያሉ ቆጦች ሁሉ በአንድ ጥግ የደረጃ አፍ አላቸው። ይህቺ ክፍል የላትም። ወለሉ ከጥግ እስከ ጥግ ድፍን ጣውላ ነው። ከታች ማንም ሊወጣባት አይችልም፤ ከእርሷም ማንም አይወርድም።

ታምሲን ተንበርክካ ጆሮዋን ወለሉ ላይ አድርጋለች።

"አያቴ... ከታች ሰዎች አሉ።"

"ተነሺ።"

"ሰሃን እያቀራረቡ ነው። ሻይ ይቀዳሉ።" ትንሽ አዳመጠች። "አሁን ዝም አሉ።"

"ተነሺ አልኩሽ።"

"እኛን እየሰሙን ነው" አለች በሹክሹክታ።

ክንዷን ይዤ አነሳኋት። ከፊታችን ሌላ ትንሽ በር ነበረች፣ ገርበብ ያለች። ታምሲን እንደ ልማዷ መዳፏን ከበሩ አጠገብ ለጠፈች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።

"ይሄም ሙቅ ነው።"

ሙቅ... ከዚያ እንደገና ሙቅ። በሁለት መቶ ዓመት ያልሆነ ነገር።

"ከትበርት" አልኩ። ቀጥዬ ጮህኩ። "ከትበርት!"

"ምን ሆናችኋል እናንተ?" ሲል ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁት፤ ቅርብ ነው። "ኑ እንጂ፣ ቨርሊን ኬኩን ብቻዋን ልትጨርሰው ነው።"

ድምፁን ስሰማ ነፍሴ ተመለሰች። ይህ በር ግን ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ መቃኑን በሁለት እጄ ካልያዝኩ አይታጠፍልኝም። የልጅቷን እጅ ለቀቅኩ።

"የኮቴን ጫፍ ያዥ። እንዳትለቂ።"

"ይዣለሁ።"

"ያዝሽ?"

"ይዣለሁ አያቴ።"

ገባሁ። የግድግዳው ውፍረት አንድ ክንድ ነው፤ ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ። እኔ ግን በጉልበቴ ሦስት ጊዜ ተራመድኩ... አራት... አምስት። ኮቴ ከኋላ ተወጥሯል። መያዟን እያወቅኩ ልቤ ረጋ አለ።

ወጣሁ። የኧርነስት ዘንጎች... የእናቴ ሳጥን... የእኔ ቆጥ። ተመስገን አልኩ።

ከሳጥኑ አጠገብ፣ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ፣ ታምሲን ቆማለች።

"ቆየሽ" አለችኝ።

ኮቴ ግን ከኋላዬ አሁንም ተይዟል።

መጀመሪያ ሚስማር ይዞት ነው አልኩ። ያን ጊዜ ጎተት ጎተት ተደረግኩ። ሁለት ጊዜ፣ በቀስታ... ልጅ "ደረስን?" ለማለት እንደሚያደርገው።

አላሰብኩም። ኮቴን በኃይል መነጨቅኩ። በሩን ዘጋሁ። የአንገት ልብሱን ጥዬ በመቀርቀሪያው ቀረቀርኩት።

ከትበርት ወደ ዘጠነኛው አልፎ ነበር፤ ያየኝ የለም። ታምሲን ብቻ አየችኝ።

አሥራ ሁለተኛው ቤት ሻይ ተቀዳ። ከትበርት መነጽሩን አድርጎ ዝርዝሩን አነበበ። "አሥራ ሁለት ቆጥ፣ አሥራ አንድ በር፣ ሁሉም ክፍት። ዊኒ፣ ያንቺ ቆጥ የብል መድኃኒት ይሸታል፣ አስለቀሰኝ።"

"ከቨርሊን ቆጥ ቀጥታ ወደ እኔ ነው የገባኸው?"

"በጀርመን በኩል ልዞር ኖሯል?"

ሰዎቹ ሳቁ። ቨርሊን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ።

"ልጅቷን ምን አደረግሻት?"

"ምን አደረግኳት?"

"ከቆጤ ልወርድ ስል ከግድግዳው ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት እኮ። ጨለማውን ፈርታ ይሆናል አልኩ።" ወደ ታምሲን አየች። "ልጅ መቼም ቶሎ ይረሳል።"

ታምሲን ወንበር ላይ እግሯን እያወዛወዘች የዝንጅብል ኬክ ትበላለች። ዝንጅብል አትወድም ነበር። ያቃጥለኛል ትላለች።

ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቀች።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ወደ ቤታችን ተመለስን። ሮዛሊንድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ልትወስዳት ትመጣለች። ታምሲንን ሳሎን ሥዕል እንድትቀባ አስቀምጬ ድስት ማጠብ ጀመርኩ።

ከላይ ተንኳኳ።

አንድ... ሁለት... ሦስት።

ውኃውን ዘጋሁ።

አንድ... ሁለት... ሦስት።

ቨርሊን ናት አልኩ። እሳት ተነስቶባት ከሆነስ? ሃያ ዓመት የፈራሁት ይህንን ነው፤ ጎረቤቴ በእኔ መቀርቀሪያ ምክንያት በእሳት ስታልቅ። ጉልበቴን ረስቼ ሦስቱን ፎቅ ወጣሁ።

ጭስ የለም። እጄን በሩ ላይ አደረግኩ። የእሳት ግለት የለውም፤ ግን ሞቅ ይላል፣ ሰው የተደገፈው ይመስል።

ሕጉ አትጠይቂ ይላል። እኔ ጠየቅኩ።

"ማን ነው?"

"እኔ ነኝ አያቴ።"

ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ።

"ክፈቺልኝ" አለች። በሹክሹክታ ነው፤ ከዚያ በኩል የሆነ ሰው እንዳይሰማት የምትጠነቀቅ ይመስል። "ኮትሽን አልለቀቅኩም እኮ። አንቺ ነሽ የጎተትሽው።"

"ታምሲን ታች ናት" አልኩ። ለማን እንደምናገር አላውቅም።

"እኔ ነኝ ታምሲን።"

"እስቲ... ምሳ ምን በላን?"

"ዶሮ። አተሩን አሥር ብቻ ብይ አልሽኝ።" አፍንጫዋን ሳበች። "ዘጠኝ በላሁ። አንዷን ደብቄያታለሁ።"

ከበሩ ሥር አንዲት አረንጓዴ አተር ተንከባልላ ወጣች። ጫማዬን ነክታ ቆመች።

ተነስቼ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግማሹን ስቤው ነበር።

"አያቴ፣ አትክፈቺ።"

ከኋላዬ ነው። ታምሲን ደረጃው አፍ ላይ ቆማለች። ጣቷን ቀለም ነክቶታል። ጉንጯ ቀልቷል። የእኔ ልጅ ናት... በጸጉሯ፣ በዓይኗ፣ በሁሉ ነገሯ የእኔ ልጅ ናት።

"ምሳ ምን በላሽ?" አልኳት።

"ዶሮ። አተሩን ዘጠኝ በላሁ።" እጇን ኪሷ ከተተች። መዳፏን ዘረጋችልኝ።

አንዲት አተር።

ከበሩ ወዲያ "ማናት?" አለች ያችኛይቱ። "አያቴ... ከማን ጋ ነሽ?"

ልጅ ያሳደጋችሁ ፍረዱኝ። አንዷ ከፊቴ ናት፣ አንዷ ከኋላዬ። ብከፍት ምን እንደማስገባ አላውቅም። ባልከፍት ማንን እንደምተው አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከጎኔ ያለችውን ልጅ እጇን መያዝ እችላለሁ። ያዝኩት። ሞቃት ነው፣ እንደ ልጅ እጅ ትንሽ ይጣበቃል።

መቀርቀሪያውን መልሼ ዘጋሁት።

በሩ ተንኳኳ። አንድ... ሁለት...

ሦስተኛውን ጠበቅኩ።

እስካሁን አልመጣም።

ሮዛሊንድ ስትመጣ ሁለታችንንም ቆጥ ውስጥ አገኘችን። መቀርቀሪያውን አየችና ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማዬ... ልጄ በምትውልበት ቤት የእሳት በር ቀርቅረሻል?"

"ሮዛ፣ እንዳትከፍቺው።"

አልሰማችኝም። መቀርቀሪያውን ስባ በሩን በረገደችው። ከወዲያ የቨርሊን ቆጥ ነበር... ሻንጣዎቿ፣ የተሰበረው ወንበሯ፣ የኬኩ ሽታ። ሌላ ምንም የለም። ልጄ መቀርቀሪያውን በማግስቱ አስነቀለችው። አልተከራከርኩም። የነገርኳትንም አንድ ቃል አላመነችኝም። "ደክሞሻል እማዬ፣ አሸልቦሽ ነው" አለችኝ።

ታምሲን ደህና ናት። ትበላለች፣ ትጫወታለች። ሳሏም ጠፍቷል። እናቷ "ከዚያ ወዲህ እንዴት ገራም ሆነች" ትላለች፤ እንደ ቀድሞው ነገር አታበዛም፣ ለመተኛት አታስቸግርም። እኔም ጸጉሯን አበጥራለሁ፤ ወይኗን እቆርጥላታለሁ። እወዳታለሁ። ማታ ስጸልይ ግን ስሟን ሁለት ጊዜ እጠራለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ባለፈው ሳምንት ያየሁት ነው።

ከረድፉ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር አለ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሳመጣት እዚያ አረፍ እንላለን። ፀሐይ ነበር። ታምሲን አይስክሬም ይዛለች። በድንገት ቀና ብላ ወደ ጣሪያዎቹ አየችና እጇን አውለበለበች።

"ለማን ነው የኔ ቆንጆ?"

ማውለብለቧን አልተወችም።

ማየት አልፈለግኩም... አየሁ።

በሰባተኛውና በስምንተኛው ቤት መካከል፣ ጣሪያው ላይ፣ መስኮት አለ። እዚያ ቦታ መስኮት ኖሮ አያውቅም። ከመስታወቱ ጀርባ አንዲት ትንሽ ልጅ ግንባሯን ለጥፋ ወደ ታች ታየናለች። እጇ ከፍ ብሏል፤ ልትመልስ ነው።

ከኋላዋ አንዲት ሽበታም ሴት ብቅ አለች። የለበሰችው የእኔን ኮት ነው፤ ፊቷም የእኔው ፊት ነው።

እኛን ስታይ ፊቷ በፍርሃት ተለወጠ። ልጅቷን በሁለት እጇ ወደ ደረቷ ሳበቻት... ከዚያም እንዳታየን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችላት።